በማይል ትኬት ሲቆርጡ ክፍት ወንበር እንዴት ይገኛል?

ልጅዎ በግንቦት ይመረቃል፤ እናትዎን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ማስመጣት ይፈልጋሉ። ለዓመታት ያጠራቀሙት ማይል፣ ማለትም አየር መንገድ ለደንበኞቹ የሚሰጠውና በትኬት የሚለወጠው ነጥብ፣ ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ ይበቃል። ድረ ገጹን ከፍተው ቀኑን ሲያስገቡ ግን «በዚህ ቀን የማይል ወንበር የለም» የሚል መልስ ያገኛሉ። በዚያው ቀን፣ በዚያው አውሮፕላን፣ በገንዘብ ልግዛ ቢሉ ወንበር ሞልቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጥና ማይሉን በዕቃ መግዣ ወይም በሆቴል ያባክነዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ወንበሩ ብዙውን ጊዜ አለ፤ የማይገኘው አፈላለጉ የገንዘብ ትኬት አፈላለግ ስለሆነ ነው።

በገንዘብ የሚገዛ ሰው ቀን ይመርጥና ወንበር ይፈልጋል። በማይል የሚሄድ ሰው ግን ወንበር አግኝቶ ቀኑን ከወንበሩ ጋር ያስማማል። ምረቃው ግንቦት 8 ቢሆንም እናት በሚያዝያ መጨረሻ ቢመጡ ምን ይጎድላል? ከልጅ ልጃቸው ጋር ሁለት ሳምንት ይጨምራሉ።

መጀመሪያ፦ ወንበሩ ለምን እንደሚደበቅ ይወቁ

አየር መንገድ የአንድን አውሮፕላን ወንበሮች በዋጋ ይከፋፍልና ለእያንዳንዱ ክፍል የላቲን ፊደል ይሰጠዋል። ስታር አሊያንስ በተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባላት ዘንድ ለአጋር አየር መንገድ አባላት የሚለቀቀው የኢኮኖሚ የማይል ወንበር በ«ኤክስ»፣ የቢዝነሱ ደግሞ በ«አይ» ይታወቃል። በእነዚህ ሁለት ፊደላት ሥር ስንት ወንበር እንደሚቀመጥ የሚወስነው የአየር መንገዱ የገቢ ክፍል ነው። በገንዘብ ይሸጣል ብሎ ተስፋ ያደረገበትን በረራ ይዘጋል፤ ባዶ ይሄዳል ብሎ የሚሰጋበትን ይከፍታል። ስለዚህ የወንበር አቀማመጡን ሥዕል አይተው «ግማሹ ባዶ ነው» ብለው አይከራከሩ። ባዶ ወንበር እና የማይል ወንበር የተለያዩ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። አየር መንገዱ ለራሱ አባላት የሚከፍተው ወንበር ለአጋሮቹ ከሚከፍተው ሊበልጥ ይችላል። ጎረቤትዎ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም በሆነው በሼባ ማይልስ ያገኘውን ወንበር እርስዎ በሌላ ፕሮግራም ቢፈልጉት ላያዩት ይችላሉ።

ማይልዎ በማን አውሮፕላን እንደሚያስኬድ ይዘርዝሩ

ስታር አሊያንስ በ1997 በአምስት አየር መንገዶች ተመሠረተ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቀላቀለው በታኅሣሥ 2011 ነው (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ስለዚህ የዩናይትድ ማይል ያለው ሰው በኢትዮጵያ አየር መንገድ መሄድ ይችላል፤ ሼባ ማይልስ ያለውም በሉፍታንዛ ወይም በተርኪሽ። የኤር ካናዳው «ኤሮፕላን» እና የአቪያንካው «ላይፍማይልስ»ም ለዚያው ወንበር ትኬት ይቆርጣሉ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚጠይቀው የማይል ብዛት ግን ይለያያል።

በክሬዲት ካርድ ነጥብ የምታጠራቅሙ ደግሞ ነጥባችሁ ወዴት እንደሚዛወር እዩ። የቼዝ ባንክ ነጥብ ወደ ዩናይትድም ወደ ኤሮፕላንም ይሄዳል። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ነጥብ ወደ ኤሮፕላን ይሄዳል፤ ወደ ዩናይትድ አይሄድም። ዝርዝሩን በወረቀት ላይ ጻፉት፤ ነጥቡን ግን ገና አታንቀሳቅሱ። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ጊዜውን ይምረጡ

ወንበር በብዛት የሚከፈተው በሁለት ወቅት ነው። አንደኛው የበረራው ቀን ለሽያጭ ሲቀርብ ነው፤ ይህም እንደ አየር መንገዱ ከጉዞው በፊት ከ330 እስከ 360 ቀናት ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ አየር መንገዱ ያልተሸጠውን ወንበር የሚያውቀው ያን ጊዜ ነውና። መካከሉ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው። በመካከሉ የሚፈልግ ሰው በየሳምንቱ እየተመለሰ ማየት ይኖርበታል።

ወደ አገር ቤት በሚደረግ ጉዞ አስቸጋሪዎቹን ወቅቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን፦ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉባቸው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉ ወራት፣ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ፣ የፋሲካ ሰሞን። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ረመዳን፣ የሐጅ ወቅትና ዒድ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሕዝቡ ሁሉ በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚጓዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። ማክሰኞና ረቡዕም ከዓርብና ከቅዳሜ ይሻላሉ።

አንድ ሰው፣ መሄጃ ብቻ

አፈላለጉን ሲጀምሩ ቤተሰቡ አምስት ቢሆንም «1 ተጓዥ» ብለው ያስገቡ። ደርሶ መልስም አይበሉ፤ መሄጃውን ለብቻ፣ መመለሻውን ለብቻ ይፈልጉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ለአራት ሰው ጠይቀው የተከፈተው ሦስት ወንበር ብቻ ከሆነ ኮምፒውተሩ «ሦስት አለ» አይልም፤ «የለም» ይላል፤ ወይም አራቱንም በውዱ ዋጋ ያሳያል። ደርሶ መልስ ሲጠይቁም አንደኛው አቅጣጫ ከተዘጋ ሌላው ሳይታይ ይቀራል።

ለአንድ ሰው ካገኙ ወደ ሁለት፣ ወደ ሦስት ይጨምሩ። ሦስት ላይ ከቆመ አባትና አንድ ልጅ በአንድ ቀን፣ እናትና ሌላው ልጅ በማግስቱ መሄዳቸውን ያስቡበት። ወይም ሦስቱን በማይል፣ አራተኛውን በገንዘብ በዚያው በረራ። ትኬቶቹ የተለያዩ ስለሚሆኑ ግን ለአየር መንገዱ ደውለው ሁለቱ የምዝገባ ቁጥሮች አብረው የሚጓዙ ቤተሰብ መሆናቸውን እንዲጽፉ ይጠይቁ።

መንገዱን ይቆራርጡት

ከሁሉም በላይ ወንበር ያስገኘልኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

በሲያትል የሚኖር ሰው «ከሲያትል ወደ ባሕር ዳር» ብሎ ቢፈልግ ኮምፒውተሩ ጥቂት መንገዶችን ሞክሮ ይተዋል። ሦስቱ በረራዎች ሁሉ ክፍት ሆነው እንኳ አገናኝቶ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ከአስቸጋሪው፣ ማለትም ውቅያኖስ ከሚያሻግረው ረጅም በረራ ይጀምሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሰሜን አሜሪካ ከሚያርፍባቸው ከተሞች አንድ በአንድ ወደ አዲስ አበባ ይፈልጉ፦ ከዋሽንግተን ደለስ፣ ከኒውርክ፣ ከቺካጎ፣ ከአትላንታ፣ ከቶሮንቶ። የተገኘውን ቀን ሁሉ በሠንጠረዥ ይጻፉ። ከአንዱ ካገኙ ከሲያትል እስከዚያ ያለውን የአገር ውስጥ በረራ መሙላት ቀላል ነው፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ያለውንም እንዲሁ።

አምስቱም ከተዘጉ ወደ አውሮፓ ይዙሩ። ፍራንክፈርት ላይ ሉፍታንዛም የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ አዲስ አበባ ይበርራሉ። ኢስታንቡል ላይ ተርኪሽ፣ ካይሮ ላይ ኢጂፕትኤር አሉ፤ ሁሉም የአንድ ኅብረት አባላት ናቸው። አሁን ጥያቄው ለሁለት ተከፈለ፦ ከአውሮፓ አዲስ አበባ፣ እና ከአሜሪካ አውሮፓ። አትላንቲክን በየቀኑ የሚያቋርጡት አውሮፕላኖች ብዙ ስለሆኑ ሁለተኛው ክፍል በአብዛኛው ይገኛል። ሁለቱን በቀንና በሰዓት አገጣጥመው ይያዙ።

የተቃራኒውም ነገር ይደርሳል። ከደለስ አዲስ አበባ «የለም» ሲል ከደለስ በአዲስ አበባ በኩል ናይሮቢ ግን «አለ» ሊል ይችላል። አየር መንገዶች አንዳንድ ወንበሮችን ለትራንዚት መንገደኛ ብቻ ስለሚያስቀምጡ ነው። መድረሻችሁ በእውነት ናይሮቢ ካልሆነ ግን ይህን ትኬት ገዝቶ አዲስ አበባ ላይ መውረድን አልመክርም፤ ሻንጣው ወደ ናይሮቢ ይሄዳል፣ በዚያው ትኬት ያለው መመለሻም ሊሰረዝ ይችላል።

ቁርጥራጮቹን ካገኙ በኋላ በተቻለ መጠን በአንድ ትኬት ይሁኑ። ድረ ገጹ ማገናኘት ካልቻለ ወደ ጥሪ ማዕከሉ ደውለው የበረራ ቁጥሮቹን፣ ቀናቱንና ክፍሉን አንድ በአንድ ያንብቡላቸው። «ወንበር ፈልጉልኝ» ካሉ ሠራተኛው እርስዎ ያዩትን ገጽ አይቶ «የለም» ይላል፤ «ይህን በረራ ጨምሩልኝ» ካሉ ግን የሚሠራው ነገር ያገኛል። በአንድ ትኬት ሲሆን የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይ ቀጣዩን የማስያዝ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። በተለያየ ትኬት ከሆነ ኪሳራው የእርስዎ ነው፤ በመካከል አንድ ሌሊት ይተዉ።

ስለ ቀንና ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። ትኬት ላይ የሚታተመው ሰዓት የየአገሩ ሰዓት ነው፤ 22፡30 ማለት ለአዲስ አበባ ሰው ከምሽቱ 4፡30 ነው። አስቸጋሪው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው በረራ ነው። በእኛ አነጋገር «ሰኞ ሌሊት» የምንለው 00፡40 ትኬቱ ላይ ማክሰኞ ተብሎ ይጻፋል። እናትዎ ማክሰኞ ማታ ቦሌ ቢደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሆነው ነው። ቀኑን በሁለቱም የቀን አቆጣጠር ጽፈው፣ «ሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቦሌ ይድረሱ» ብለው በስልክ ይንገሯቸው።

ወንበሩ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ

አንዳንድ ጊዜ ድረ ገጽ ላይ የሚታይ ወንበር በእውነት የለም። የአጋር አየር መንገዱ መረጃ ሳይታደስ ይቀርና ከሰዓታት በፊት የተወሰደ ወንበር ክፍት መስሎ ይታያል። ማረጋገጫው ያንኑ በረራ በሁለተኛ ፕሮግራም ድረ ገጽ ማየት ነው። በዩናይትድም በኤሮፕላንም ከታየ በአብዛኛው እውነት ነው። የፕሮግራሞቹ አባልነት ነጻ ስለሆነ ማይል ባይኖርዎትም ለፍለጋ ብለው ይመዝገቡ። ከዚያ እስከ መጨረሻው የክፍያ ገጽ ይሂዱ፤ ማይል ሳይከፍሉ ምን ያህል ግብርና ተጨማሪ ክፍያ እንደሚጠየቁ ያያሉ። ዩናይትድ እና ኤሮፕላን በማይል ትኬት ላይ የነዳጅ ጭማሪ አይጠይቁም። እንደ ሉፍታንዛው «ማይልስ ኤንድ ሞር» ያሉት ግን ይጠይቃሉ፤ ክፍያውም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊደርስ ይችላል።

በየቀኑ ድረ ገጽ መክፈት ካደከመዎት «ሲትስ ዶት ኤሮ» የብዙ ፕሮግራሞችን ወንበር በአንድ ገጽ ያሳያል፤ «ኤክስፐርትፍላየር» ደግሞ በመረጡት በረራ ላይ ወንበር ሲከፈት በኢሜይል ያሳውቃል።

ነጥቡን ያዛውሩ፣ ወዲያውኑ ይቁረጡ

ከባንክ ወደ አየር መንገድ የተዛወረ ነጥብ አይመለስም። ይህን ሕግ አውቀው ነበር፤ ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ ለእኅቴ የሚሆን ወንበር አየሁና ሳላረጋግጥ 80 ሺህ ነጥብ አዛወርኩ። ለመቁረጥ ስሞክር ወንበሩ አልነበረም። እኅቴ ለሠርግ የመጣችው በገንዘብ በተገዛ ትኬት ነው፤ ነጥቡም ከዓመት በላይ ተቀምጦ ቆየ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ማግኘት፣ በሁለት ቦታ ማረጋገጥ፣ ከተቻለ በስልክ ወንበሩን እንዲያቆዩልዎ መጠየቅ፣ ከዚያ ማዛወር፣ በደቂቃዎች ውስጥ መቁረጥ። አንዳንድ ዝውውር ወዲያው ይደርሳል፤ አንዳንዱ ቀናት ይወስዳል፤ ይህንም አስቀድመው ይጠይቁ።

ለሌላ ሰው ሲቆርጡ ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፉ። የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ይጻፋሉ፤ «ጽጌ» የሚለውን ሦስት ሰዎች ቢጽፉት ሦስት ዓይነት ይሆናል። የፓስፖርቱን ፎቶ አስልከው ከዚያ ይገልብጡ። እንደ ሲንጋፖር አየር መንገድና እንደ ጃፓኑ «ኤኤንኤ» ያሉ ፕሮግራሞች ደግሞ ማይልዎን የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ።

ቪዛ ገና ካልተገኘ የመሰረዣ ደንቡን ሳያነቡ አይቁረጡ። ማይሉን ያለ ቅጣት ወይም በትንሽ ክፍያ የሚመልስ ፕሮግራም ከሆነ ግን አስቀድሞ መያዝ ብልህነት ነው።

ከቆረጡ በኋላም መፈለግ አያቁሙ

መሰረዝ ርካሽ ከሆነ መጀመሪያ ያገኙትን፣ ሁለት ትራንዚት ያለውንም ቢሆን ይያዙና የተሻለውን መጠባበቅ ይቀጥሉ። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ በየቀኑ ይመልከቱ። ቀጥታው በረራ ከተከፈተ መጀመሪያ አዲሱን ይቁረጡ፤ አሮጌውን የሚሰርዙት ከዚያ በኋላ ነው። ለሁለቱም የሚበቃ ማይል ከሌለ ደውለው ትኬቱ እንዲቀየር ይጠይቁ።

አየር መንገዱ ራሱ የበረራ ሰዓት የቀየረ እንደሆነ ማሳወቂያውን ሳያነቡ «እሺ» የሚለውን አይጫኑ። የትራንዚቱ ጊዜ ከጠበበ ወይም መነሻው በብዙ ሰዓት ከተገፋ ወደ ሌላ በረራ ያለ ክፍያ እንዲያዛውሩዎት የመጠየቂያው ጊዜ ያ ነው፤ ለማይል ትኬት ተዘግቶ የነበረው ቀጥታ በረራ በዚህ መንገድ የተከፈተላቸው ሰዎች አሉ። ሲደውሉ የሚፈልጉትን የበረራ ቁጥርና ቀን በእጅዎ ይያዙ።