ለጉሮሮና ለማንቁርት ካንሰር ጨረር ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጀመሪያ የማነሣው ጨረርን መሐል ላይ ማቋረጥን ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና። ከጎንደርና ከዙሪያዋ ለጨረር አዲስ አበባ የሚሄዱ ሕመምተኞችን ከመሄዳቸው በፊትም ከተመለሱ በኋላም የምከታተል ነርስ ነኝ። ከብት ሸጦ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ወረፋ ጠብቆ የጀመረውን ሕክምና ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ጥሎት የሚመጣ ሰው ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጨረሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ይሰጣል። በጊዜ የተገኘ የማንቁርት ካንሰር ብዙ ጊዜ 63 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ28 ጊዜ ተከፍሎ ይሰጠዋል፤ የገፋው ደግሞ 70 ግሬይ በ35 ጊዜ። ለጉሮሮ፣ ማለትም ለምግብ መውረጃው፣ ከኬሞ (ከካንሰር መድኃኒት) ጋር 50.4 ግሬይ በ28 ጊዜ የተለመደ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጤናማው አካል የሚያገግምበት ስለሆነ አስቀድሞ ታስቦበታል። ከዚያ ውጭ የሚጨመር ዕረፍት የሚጠቅመው ካንሰሩን ነው፤ ከአራተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ የተረፉት የካንሰር ሴሎች መራባታቸውን ያፋጥናሉና። በማንቁርት ካንሰር ሕክምናው በአንድ ቀን በተጓተተ ቁጥር ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድል በ1 በመቶ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ሁለት ሳምንት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን አስሉት።

አንድ የደንቢያ ገበሬ ታፍኖ የከረመ ድምፃቸው በአምስተኛው ሳምንት ጠራላቸው። ጥር ገብቶ ነበር። «ድኛለሁ፣ ለከተራ ጎንደር ልድረስ» ብለው መጡ። ታቦቱን ፋሲል መዋኛ ድረስ አጅበው፣ በማግስቱ ጥምቀትን አክብረው፣ በቃና ዘገሊላ ሚካኤልን ሸኝተው፣ ከዚያ ዘመድ ያዛቸው። ሲመለሱ ሁለት ሳምንት አልፏል። ካንሰሩ ተመልሶ ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ አሁን የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው። ምክንያቱ ያ ዕረፍት ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ግን ድምፅ መጥራቱ ወይም እህል መውረዱ ዕጢው መቀነሱን እንጂ መጥፋቱን አይናገርም። እባካችሁ ይህን ለአባቶቻችሁ ንገሩልኝ።

በተቃራኒው ደግሞ «አባሰብኝ» ብለው የሚተዉ አሉ። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ጉሮሮ ይቆስላል፣ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያቃጥላል። ይህ የሚጠበቅ የጨረሩ ሥራ ነው፤ ካለቀም በኋላ ጥቂት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ማስታገሻ አለው፤ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ዝም ማለት አያስፈልግም፣ ለሐኪሙ ይነገር።

ጾም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ አንድ ሙሉ የጨረር ሕክምና ውስጡ ይገባል። ሥጋው ያለቀ ሰው በጨረሩ ጊዜ እንዳይነቃነቅ የሚይዘው የአንገቱ ጭንብል ይሰፋበታል፣ ጨረሩም የታለመለትን ቦታ ሊስት ስለሚችል እንደገና መለካት ይመጣል፤ ያ ደግሞ ሌላ መዘግየት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። እኔ የማውቃቸው አባቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ ነፍገው አያውቁም፤ የሚያስቸግረው ሕመምተኛው ራሱ ነው። ወተት፣ እርጎ፣ ለስለስ ያለ እንቁላል፣ አጥሚት፣ ተልባ ይሰጠው፤ ሁሉም ለብ ብሎ። የሚፋጅ ቡናና ገንፎ የቆሰለ ጉሮሮን ያቃጥላል። ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ መጠጣት ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

በሆድ በኩል የሚገባ የመመገቢያ ቱቦ ሲታዘዝ «አበቃለት ማለት ነው» ብሎ ማልቀስም ስህተት ነው። ቱቦው ሕክምናውን እንዲጨርስ አቅም የሚሰጠው ነው፤ መዋጥ ሲመለስ ይወጣል።

ማተብ። አንገት ላይ ጨረር የሚወስድ ሰው ክሩን ጭንብሉ ሥር ይዞት ቢገባ የተላጠ ቆዳውን ይፈገፍገዋል፣ መስቀሉ ብረት ከሆነም ማውለቅ የግድ ነው። ክሩን እጅ ላይ ማሰር ይቻላል። ብዙ እናቶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል፤ አስቀድሞ የነገራቸው ስለሌለ ብቻ ነው የተጨነቁት።

ጨረሩ የሚያርፍበትን ለማሳየት ደረት ላይ የተሠራው ምልክት በጸበል ወይም በሻወር ከለቀቀ በቤት ውስጥ በእስክሪብቶ እንዳትደግሙት። ጨረሩን የሚሰጠው ቴክኖሎጂስት ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ጸበሉን መጠመቅ የፈለገ ቢያንስ ምልክቱ እንዳይታጠብ ይጠይቅ፤ የተላጠ ቆዳ ላይ ቅቤም፣ ሬትም፣ ሌላ ቅባትም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቀባ።

ሲጋራ በሕክምናው ወቅት የጨረሩን ኃይል ይቀንሳል። አረቄም ይቅር።

ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረበት ወይም እህል እየተናነቀው የመጣ ሰው «ብርድ ነው» እያለ ክረምት ሙሉ አይጠብቅ።

በመጨረሻ ለአስታማሚዎች፦ የማንቁርት ጨረር የሚወስድ ሰው ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካወጣ፣ ወይም ውኃ ሲጠጣ እየታነቀ ትኩሳት ከያዘው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። ስትደርሱም የአንገት ጨረር እየወሰደ መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ወረቀቱንም አሳዩ፤ ተረኛው ሐኪም ማንቁርቱ ማበጡን ቶሎ እንዲጠረጥር ይረዳዋል።