ጭስና እንጨት የሚሸት ሽቶ በደሴ ብርድና በኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት ይቀባል?

ወሎ ውስጥ የጃፓንን ጫካ አስቦ የተቀመረ፣ ጭስ ጭስ የሚል ሽቶ መቀባት ድፍረት ይጠይቃል። ጽጌረዳ ወይም ቫኒላ የተቀባች ሴት ፒያሳ ላይ ስታልፍ ሽቶ መቀባቷን ሁሉም ያውቃል። የጭሱን የተቀባችዋን ግን ጎረቤቶቿ «ወይባ ሞቀሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» ይሏታል። ወንድ ከሆነ ደግሞ «ከሰል ስታቀጣጥል ነው ያረፈድከው?» ይባላል። ዕጣኑ፣ ኡዱ፣ ወይራው፣ የቡናው ጭስ ሁሉ ቤታችን ሞልቷል። ስለዚህ ይህ ሽቶ እዚህ የሚያምረው በላያችን ያለውን ጭስ ቀንሰን ለእንጨቱ ቦታ ስንለቅለት ነው።

1. የምትገዙትን እወቁ

የጃፓን ጫካ በሚባሉት ሽቶዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዛፍ ሂኖኪ ነው። ጃፓኖች መቅደስ የሚሠሩበት፣ የመታጠቢያ ገንዳ የሚጠርቡበት እንጨት ነው። ናራ ውስጥ ያለው ሆርዩጂ የተባለው የቡድሃ ገዳም በዚሁ እንጨት ተሠርቶ 1,300 ዓመት ገደማ ቆሟል። የኢሴ መቅደስ ደግሞ በየ20 ዓመቱ ፈርሶ በአዲስ ሂኖኪ ይሠራል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። ሌላው ዛፍ ሱጊ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚረዝም፣ መቅደሶችንና ተራራዎችን የሸፈነ።

ሂኖኪም ሱጊም ከኛው የሐበሻ ጥድ ጋር በዕፅዋት ቤተሰብ አንድ ናቸው። ይህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ትልቅ ዕድል ነው፤ አፍንጫችሁን ለማለማመድ ቶኪዮ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ከኮምቦልቻ በላይ የጎፍ ደን አለላችሁ፤ እሱ ከራቃችሁ የቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ያለ አሮጌ ጥድ ይበቃል። ቅጠሉን በጣታችሁ አሽታችሁ አሽትቱት። ከዚያ እንጨት ቤት ጎራ በሉና ገና የተሰነጠቀ ጥድ አሽትቱ። ቅጠሉ ስለታም ነው፣ አፍንጫ ይከፍታል፤ እንጨቱ ደረቅና ለስላሳ ነው። ሂኖኪ ወደ እንጨቱ ያዘነብላል፣ ትንሽ ሎሚ ሎሚም ይላል። ይህን ልዩነት ከያዛችሁ ሱቅ ውስጥ የሚያታልላችሁ የለም።

ጫካ ራሱ ጭስ አይሸትም። ጭሱ የሚመጣው ከመቅደሱ ነው፣ ከዕጣኑ። የጃፓን ጥንታዊ ታሪክ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ595 ባሕር የገፋው መዓዛ ያለው ግንድ አዋጂ ደሴት ላይ እንደወጣና ሲቃጠል ሽታው ሩቅ ድረስ እንደሄደ ይተርካል፤ ኡድ የምንለው ዓይነት እንጨት መሆኑ ነው። ሽቶ ቀማሚዎች ይህን ጭስ የሚያመጡት ከብዙ ነገር ነው። ዕጣን አንዱ ነው። ቬቲቨር ሌላው ነው፤ እኛ አገር ለአፈር ጥበቃ የሚተከለው ሳር ሥሩ ሲጣራ እርጥብ አፈርና ጭስ የሚሸት ዘይት ይሰጣል። ጉያክ የሚባል እንጨት አለ። ኬድ ደግሞ ከሜዲትራኒያን አካባቢ የጥድ ዝርያ በእሳት ኃይል የሚወጣ ጥቁር ዘይት ነው፤ ጠብታው እንኳን እሳት የነደደበት ቤት ይሸታል። ጠርሙሱ ላይ ኬድ ወይም የበርች ዛፍ ሬንጅ ተጽፎ ካያችሁ ጭሱ ከባድ ነው ማለት ነው፤ እጃችሁን ሰብስቡ።

ለምሳሌ ያህል ሁለት የታወቁ ሽቶዎች ልጥቀስ። የጃፓኑ የፋሽን ቤት ኮም ደ ጋርሶን ከሞኖክል መጽሔት ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ሂኖኪ ቀለል ያለ፣ ካምፎር ካምፎር የሚል፣ አዲስ የተላገ እንጨት የመሰለ ነው። ኤሶፕ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ሁዊል ደግሞ ዕጣንና ቬቲቨር ያለበት፣ የጠቆረና ጭስ የበዛበት ነው። ለኮምቦልቻ የመጀመሪያውን፣ ለደሴ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሁለቱም ርካሽ አይደሉም፤ ቅጂያቸውም ብዙ ስለሆነ ሙሉ ጠርሙስ ከመግዛት በፊት ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ የሚሸጥ ካገኛችሁ በሱ ጀምሩ።

ሻጩ «ጭንቀት ያጠፋል» ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ጃፓኖች ጫካ ውስጥ ቀስ ብሎ መዋልን ሺንሪን ዮኩ ብለው ያስተዋወቁት የደን መሥሪያ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ እሱ በእግር የሚሄዱበት ነገር እንጂ ከጠርሙስ የሚረጭ አይደለም።

2. ሱቅ ውስጥ አትወስኑ

ወረቀት ላይ አስረጩ፣ ከወደዳችሁት አንድ ጊዜ ክንዳችሁ ላይ አስረጩና ውጡ። የመጀመሪያዎቹ 15 እስከ 20 ደቂቃዎች የሚሸቷችሁ በቶሎ የሚተኑት ናቸው፤ ሎሚው፣ ቅጠሉ፣ ቅመሙ። እንጨቱና ጭሱ ዘግይተው ይመጣሉ፣ ዘግይተውም ይሄዳሉ። ከፒያሳ ተነሥታችሁ ሙጋድ ድረስ በእግር ሂዱ፣ ሻይ ጠጡ፣ ከዚያ አሽትቱ። ከሰዓታት በኋላ የቀረውን ካልወደዳችሁት መጀመሪያው ያማረ መሆኑ ምንም አይጠቅማችሁም፤ ቀኑን ሙሉ የምትኖሩት ከቀረው ጋር ነውና።

አንዳንድ ሱቅ በየመሐሉ የቡና ፍሬ ያስሸቷችኋል። ቡና በሚቆላበት አገር የቡና ፍሬ አፍንጫ ያሳርፋል ማለት ይገርመኛል። የራሳችሁን ክንድ፣ ሽቶ ያልነካውን ቦታ፣ ማሽተት ይሻላል።

3. ሌላውን ጭስና ሌላውን ሽታ አንሱ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የእንጨት ሽቶ ዝግ ያለ ነው፤ በሌላ ሽታ ላይ ከተደረበ ይጠፋል ወይም ይበላሻል። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ከጭስ ጋር ሲገናኝ ወጥ ቤት ይሆናል። አበባ የሚሸት የልብስ ማለስለሻ ሂኖኪውን ሳሙና ያስመስለዋል። የብብት ሽቶም ሽታ የሌለው ይሁን።

ልብሳችሁ ዋናው ነው። ሹራቡ ከሰል የሚነድበት ክፍል ውስጥ ካደረ ሽቶው በዚያ ላይ ሲጨመር ማንም አይለየውም። ከማታ ጀምሮ ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ስቀሉት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

ቁም ሣጥናችሁን በዚሁ አጋጣሚ አስተካክሉ። እንጨት ቤት ሄዳችሁ የጥድ ሰጋቱራ ለምኑ፤ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጧችኋል። ባሕር ዛፍ ወይም ኮምፔንሳቶ እንዳይቀላቀልበት በዓይናችሁ እዩ፤ የጥዱ ቀላ ያለ ነው። ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት፣ በስስ ጨርቅ ቋጥሩና በልብሶቹ መሐል አስቀምጡት። ሽታው ሲደክም በእጃችሁ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፣ ይመለሳል። ልብሳችሁ በዝግታ ጥድ ጥድ ማለት ሲጀምር ለጃፓኑ ሽቶ መሠረት አገኘ ማለት ነው፤ የምትረጩትም መጠን ይቀንሳል። ሽቶ ለመግዛት ገንዘብ የሌለው ሰው ቋጠሮውን ብቻ ቢይዝ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

4. አቀባቡ

ከታጠባችሁ በኋላ፣ ገላችሁ ገና ሲለሰልስ ቀቡ። የደሴ ብርድ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው፣ ቆዳ ያደርቃል፤ ደረቅ ቆዳ ደግሞ ሽቶ አይይዝም። ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ተቀቡና በላዩ ርጩ።

ጠርሙሱን ከገላችሁ አንድ ስንዝር አርቁ። ደሴ ላይ ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ አንዱ ደረት ላይ ከሸሚዝ ሥር፣ አንዱ የክርናችሁ እጥፋት ውስጥ። ደረት ላይ የተረጨው ሹራቡ ውስጥ ሞቆ በአንገትጌው በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። አንገት ላይ አትርጩ፤ ጭሱ ቀጥታ ወደ ራሳችሁ አፍንጫ ይመጣና በግማሽ ቀን ያሰለቻችኋል። የእጅ አንጓችሁ ላይ ከረጫችሁም አታፋትጉት፤ ፍትጊያው ቆዳውን አሙቆ የመጀመሪያውን ሽታ ቶሎ ያባርረዋል።

አልኮል ያለበት ሽቶ ይነድዳል። ከሰል በተቀጣጠለበት ምድጃ አጠገብ ወይም ማጨሻ በሚጨስበት ክፍል አትርጩ፤ ሌላ ክፍል ረጭታችሁ እስኪደርቅ ቆይታችሁ ግቡ። አልኮል ያለበትን የማይቀባ ሰው በዘይት የተዘጋጀ አታር መፈለግ ይችላል። ሂኖኪ ባይገኝ የሰንደልና የቬቲቨር አለ፤ በጣት ጫፍ አንድ ነጥብ ይበቃዋል፣ ዘይት አይቸኩልም።

ልብስ ላይ መርጨት ለዚህ ዓይነት ሽቶ ተስማሚ ነው። ሱፍና ወፍራም ጥጥ እንጨቱን ለቀናት ይይዛሉ። የኮቱን ገበር፣ የሹራቡን ውስጥ፣ የጋቢውን ጠርዝ ምረጡ። ነጭ ነጠላና ጥለት ላይ ግን በፍጹም፤ የዚህ ሽቶ ዘይት ብዙ ጊዜ ቢጫ ወይም ቡናማ ስለሆነ ያበላሻል።

5. የሐረጎን ቁልቁለት የምትወርዱ ከሆነ

ደሴ ውሎ ኮምቦልቻ፣ ወይም ኮምቦልቻ አድሮ ደሴ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። በሁለቱ ከተሞች መሐል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም በከፍታ 600 ሜትር ያህል ይለያያሉ። አየር በየ100 ሜትሩ ከ0.6 ዲግሪ በላይ ስለሚለዋወጥ ኮምቦልቻ አራት ዲግሪ ያህል ትሞቃለች፤ ከሰዓት ፀሐዩ ሲጨመርበት ልዩነቱ ይሰማል። ሽቶ ደግሞ በሙቀት ይተናል። ደሴ ላይ ጠዋት አፍንጫችሁ በብርድ ደንዝዞ «ይኼ ሽቶ ደካማ ነው» ብላችሁ የጨመራችሁት፣ መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ሐረጎን ስትጠመዘዙ ይነቃል። ከጎናችሁ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሲያደርጉ ያኔ ይገባችኋል።

ስለዚህ መጠኑን በምትደርሱበት ከተማ ልክ አድርጉ። ኮምቦልቻ ለምትውሉ አንድ ጊዜ፣ ደረት ላይ ብቻ። ትንሿን ጠርሙስ ይዛችሁ ወርዳችሁ እዚያ ብትቀቡ ደግሞ የተሻለ ነው። ከኮምቦልቻ ማታ ወደ ደሴ የምትወጡ ከሆነ መጨመር አያስፈልጋችሁም፤ ልብሳችሁ የያዘው ለብርዱ ይበቃል።

6. የማይቀባበት ቀን

ለቅሶ ቤት አትቀቡ። የታመመ ለመጠየቅ ሆስፒታል ስትሄዱ አትቀቡ፤ አስም ያለበትን ሰው ጭስ የሚሸት ነገር ያስጨንቃል። ወይባ የሞቃችሁ ዕለትም ተዉት፤ የወይባ ጭስ ራሱ ሙሉ ሽቶ ነው፣ ከጃፓኑ ጋር ሲጣላ የሚሸነፈው ውድ የተገዛው ነው።

የቡና ነገር ግን ይከብዳል፣ በወሎ ቡና ሳይጠጡ መዋል የለማ። ዕጣን የሚጨስበት ቤት ተጠርታችሁ ከሆነ ሽቶውን ገላችሁ ላይ ብቻ ተቀቡ፣ ልብሳችሁን አትንኩት። ሦስተኛው ተጠጥቶ ስትወጡ ኮቱን ወይም ነጠላውን አውልቃችሁ ደጅ አራግፉት። ዕጣኑ ከላይ ይሄዳል፣ እንጨቱ ከሥር ይቀራል። በነገራችን ላይ ዕጣን ራሱ በሂኖኪም በጥድም ውስጥ የሚገኝ ፓይኒን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ ትንሽ የዕጣን ቅሪት ከሽቶው ጋር የማይጣላው ለዚያ ይመስለኛል።

7. የማይሸታችሁ ከሆነ

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሽቶው የጠፋ ሊመስላችሁ ይችላል። አፍንጫ የለመደውን ሽታ መናገሩን ይተዋል። ድጋሚ ከመርጨታችሁ በፊት ከውጭ የገባ ሰው ጠይቁ። «እስቲ አንቺ፣ ይሸታል?» በሏት። «ምን ተቃጠለ?» ካለች በዝቷል፤ «ምን ተቀባሽ?» ካለች ልክ ነው።

ከበዛ በውሃ ብቻ አይለቅም። ሽታ የሌለው ዘይት በጥጥ ነክራችሁ ቦታውን አብሱት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡት። ልብስ ላይ ከሆነ ጥላ ቦታ ነፋስ ላይ ስቀሉት፤ ሱፍ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ጠርሙሱን ከፀሐይና ከመታጠቢያ ቤት እንፋሎት አርቃችሁ በካርቶኑ አስቀምጡት፤ ከሰጋቱራው ቋጠሮ ጎን ያለው የቁም ሣጥን ጥግ ይበቃዋል።