ሶላር ጣሪያ ላይ ከመስቀልዎ በፊት

ጅማ ውስጥ 20 ክፍል ያላት ሆቴል አለችኝ። «የሶላር ውሃ ማሞቂያ ያዋጣል ወይ?» ለሚሉኝ፣ መጀመሪያ ባልዲ ይያዙ እላለሁ። እኔ ሻወሩን ባልዲ ላይ ከፍቼ፣ ሰዓት ይዤ ለካሁ። ለአንድ እንግዳ 50 ሊትር ገደማ ወጣ። ሃያውም ክፍል በአንድ በአንድ እንግዳ ሲያዝ በቀን 1000 ሊትር ነው። ይህን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 46 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይፈጃል። በመብራት ታሪፍዎ ያባዙትና ከዕቃው ዋጋ ጋር ያስተያዩት።

ሶላሩን ትንሽ አዘንብለው ወደ ደቡብ ያዙሩት። ታንከሩ ሲሞላ ውሃው ብቻ አንድ ቶን ነው፤ ጣሪያውን መሐንዲስ ይየው።

ክረምት ላይ ግን የጅማ ሰማይ አይታመንም። ቦይለሩን እንዳይነቅሉ! እኔ ነቅዬ፣ ሐምሌ ላይ አንድ እንግዳ ሳሙና እንደተቀባ፣ ፎጣ አገልድሞ ሪሴፕሽን ድረስ ወርዶብኛል።