ለካንሰር ታማሚ አስታማሚ መሆን፦ ከናሙናው እስከ ክትትሉ

የጡት ካንሰር በአንድ ሐኪም እጅ አይታከምም። ቀዶ ሐኪም አለ፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ፓቶሎጂስት አለ፣ ኬሞ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት) የሚያዝ ኦንኮሎጂስት አለ፣ ጨረር ክፍል፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ አለ። የአንዱ ውጤት ሌላው ጋ በጊዜው ካልደረሰ ታማሚዋ መሃል ላይ ትቀራለች። እነዚህን የሚያገናኝ ነርስ የሚመድቡ ሆስፒታሎች አሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ብዙውን ጊዜ ሥራው የአስታማሚው ነው። ታላቅ እህቴን፣ እትዬን፣ ከደሴ አዲስ አበባ እያመላለስኩ ሳሳክም የጠቀመንን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ሥራ ይከፋፈል። እኛ ቤት ወንድማችን ገንዘቡን ያዘ፣ ጎረቤቶቿ ልጆቿን ያዙ፣ እኔ ወረቀቱንና ቀጠሮውን። ወረቀት የሚይዘው አንድ ሰው ይሁን፤ ሌላ ሰው ተክቶት ቢሄድ እንኳ ደብተሩና ክላሴሩ አብረው ይሂዱ። ክላሴሩ ውስጥ የሪፈር ወረቀቱ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱ፣ የአልትራሳውንዱና የሲቲ ስካኑ ውጤት ከነፊልሙ፣ የደም ምርመራዎቹ በየቀናቸው ይቀመጡ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ካርድ የማይገኝበት ቀን አለ። ደብተሩ ላይ የተሰጣትን መድኃኒት ስም፣ መጠንና ቀን ጻፉ። ሐኪም ሲቀየር አዲሱ ሐኪም ታሪኩን በፍጥነት የሚያገኘው ከዚያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ሰንሰለቱን ጠብቁ፤ ዘላችሁ ከሄዳችሁ መድኑ ላይሸፍን ይችላል።

ናሙናው ላይ በጣም ተጠንቀቁ። በቀዶ ሕክምና የወጣውን ቁራጭ ቤተሰብ ራሱ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ዕቃው ሰፊ ይሁን፣ ቁራጩ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነው፣ ስሟና የካርድ ቁጥሯ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ይጻፍ፣ በዚያው ቀን ይድረስ። ውጤቱ «ካንሰር ነው» ብሎ ካቆመ አይበቃም። የሆርሞን ተቀባይና የሄር ቱ (HER2 የተባለው ፕሮቲን) ምርመራ ታዞ እንደሆነ ጠይቁ፤ እንደ ታሞክሲፊን ያለ የሆርሞን መድኃኒት ይጠቅማት እንደሆነ የሚታወቀው በሆርሞን ተቀባዩ ምርመራ ነው። ላቦራቶሪው ናሙናውን በሰም ብሎክ አድርጎ ስለሚያስቀምጠው፣ ምርመራው ሌላ ቦታ የሚሠራ ከሆነ ብሎኩን ጠይቃችሁ ውሰዱ።

ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን «ኬዟ በቦርድ ታይቷል?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀዶ ሐኪሙ፣ ኦንኮሎጂስቱና ሌሎቹ አብረው ተቀምጠው ምን እንደሚቀድም የሚወስኑት እዚያ ነው። ለአንዷ ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል፤ ለሌላዋ ዕጢው እንዲያንስ ኬሞው ይቀድማል። ጨረር ያስፈልጋታል ከተባለ ኬሞው እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ ኬሞ ላይ እያለች ወረፋ አስይዙ። ለረጅም ዓመታት በሀገራችን ጨረር ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። እንደ ጅማ ያሉ ቦታዎች ቢጨመሩም ፈላጊው ብዙ ነው፤ ስለዚህ የትኛው ጋ ቶሎ እንደሚደርሳት ሐኪሟን ጠይቁ።

ኬሞው ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው። የደም ምርመራውን ከቀጠሮው አንድ ሁለት ቀን ቀድማችሁ አሠሩ፤ ነጭ የደም ሴሏ ዝቅ ካለ ኬሞው ይተላለፋል። እኔ ከደሴ ከመነሳታችን በፊት ውጤቱን ለነርሷ በስልክ አሳያት ነበር፤ መድኃኒቱ ፋርማሲ መኖሩንም አረጋግጥ ነበር። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ «የለም» መባልን የመሰለ ድካም የለም። ቀዩን ኬሞ፣ ዶክሶሩቢሲንን፣ ከመጀመሯ በፊት የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ትታይ፤ ከወሰደች በኋላ ሽንቷ ለአንድ ሁለት ቀን ቢቀላ አትደንግጡ።

ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በፓራሲታሞልም አታስታግሱት፣ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱና በሩ ላይ «ኬሞ ላይ ናት» በሉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ኬሞ ላይ ያለ ሰው በኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተትም ለጊዜው ይቅር።

ብዙ ቤተሰብ በሽታውን ከታማሚው ይደብቃል። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አልስማማበትም። ምን እንደሚታከም ያላወቀ ሰው ትንሽ ሲሻለው መድኃኒቱን ያቆማል። እትዬ ከሐኪሙ አፍ ሰማች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ጥያቄውን ራሷ ትጠይቅ ጀመር። ጸበሉንም ቢሆን ተደብቃ እንድትሄድ አታድርጓት። እኔ የነፍስ አባቷን አግኝቼ ስለ ሕክምናው ነገርኳቸው፤ ከጾሙ ነፃ አደረጓት፣ ጸበሉም ከመድኃኒቱ እንዳያስቀራት መከሯት። ከእኔ ቃል የእሳቸው ቃል ከብዷል። ፌጦ ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት ከተሰጣት ግን ለሐኪሙ ይነገር፣ ከኬሞው ጋር የሚጋጭ ይኖራል።

ከክልል መጥታችሁ ማደሪያ ካጣችሁ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተውን ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ። ሕመሙ ከበረታ «ቻይው» አትበሏት፤ የሚጠጣ ሞርፊን ሐኪም ያዛል። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ ሄዶ የማስታገሻ እንክብካቤ ይሰጣል። ማስታገሻ የመጨረሻ ሰዓት ሕክምና ብቻ አይደለም፤ ከኬሞው ጎን ለጎንም ይሰጣል።

ሕክምናው አለቀ ሲባል ሰው ሁሉ ይበተናል፤ የአስታማሚው ሥራ ግን ይቀጥላል። ስትወጣ የሕክምናዋን ማጠቃለያ ወረቀት አስጽፉና አንድ ኮፒ በአካባቢያችሁ ሆስፒታል ካርዷ ውስጥ ይግባ። ታሞክሲፊን ከታዘዘላት በየቀኑ ለ5 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት ነው የምትውጠው፤ ደህና ነኝ ብላ እንዳታቆም። እሱን እየወሰደች ማርገዝ የለባትም፣ ካረጠች በኋላ ደም ካየች ደግሞ ቶሎ ትታይ። ክትትሉ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ በየጥቂት ወሩ ነው፣ ኋላ በዓመት አንዴ ይሆናል፤ ማሞግራሙም (የጡት ራጅ) በየዓመቱ ነው። የብብቷ ንፍፊት የወጣ ከሆነ ክንዷን ሐኪሙ ባሳያት መንገድ ታንቀሳቅስ። ቀለበቷ ወይም የእጅጌዋ ጫፍ ከጠበበባት እብጠት ጀምሯል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ የክትትል ቀኗን ሳትጠብቁ አሳዩዋት።