ድሮኑ ቁም ሲባል አልቆም ካለ፦ ችግርና መፍትሄ

ድሮን አየር ላይ ሲያስቸግር ዕቃ ለመቀየር አትቸኩሉ። ችግሩ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚብስ ማስተዋል ከመንስኤው ያደርሳል።

ቁም ሲባል ክብ ይሠራል፤ ክቡም እየሰፋ ይሄዳል

ብዙዎች ጂፒኤሱን ይጠረጥራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚስተው ኮምፓሱ ነው። ጂፒኤስ ድሮኑ የት እንዳለ ያሳውቃል፤ ፊቱ ወዴት እንደዞረ የሚለየው ኮምፓሱ ነው። ኮምፓሱ ከሳተ ድሮኑ ወደ ቦታው ልመለስ ሲል ወደ ጎን ይሄዳል፣ ያንን ላርም ሲልም እንደገና ይስታል። መዞሩ ከዚህ ይመጣል።

እየበረረ ከጀመረው ጂፒኤስ ወደማይጠቀም የበረራ ሞድ ቀይሩና በእጃችሁ እየመራችሁ አሳርፉት። ወደ መነሻው እንዲመለስ የሚያዘውን ቁልፍ አትጫኑ፤ የሚመራው በዚያው በተሳሳተው ኮምፓስ ነው።

ካረፈ በኋላ ከመኪናና ብረት ከገባበት ኮንክሪት ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፤ ስልክና ቁልፍ ከኪሳችሁ አውጡና ኮምፓሱን ካሊብሬት አድርጉ (ንባቡን እንደገና አስተካክሉ)። ችግሩ ከተመለሰ የበረራውን ሎግ፣ ማለትም ድሮኑ ሲበር የሚመዘግበውን መረጃ ክፈቱ። የማግኔት ንባቡ ሞተሩ ኃይል በጨመረ ቁጥር አብሮ የሚዋዥቅ ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ገመድ ነው፦ በውስጡ የሚያልፈው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የራሱን ማግኔት ይፈጥራል። ይህን ስንት ጊዜ ካሊብሬት ብታደርጉት አይድንም። ቀዩንና ጥቁሩን ገመድ አንድ ላይ ጠምዝዙ፣ ኮምፓሱንም በምሰሶ ከፍ አድርጉት፤ ጥቂት ሴንቲሜትር እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ባትሪው 30 በመቶ እያሳየ ሽቅብ ሲወጣ በድንገት ይደክማል

ባትሪው አርጅቷል ወይም ቀዝቅዟል። በሁለቱም ምክንያት ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚገታው የውስጥ መከላከሉ ስለሚጨምር ብዙ ኃይል ሲሳብ ቮልቱ ይወድቃል። ከብርድ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁት። ካልሆነ ባትሪውን ሞልታችሁ ጥቂት አቆዩትና በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ሴል ለኩ፤ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ከሌሎቹ ከ0.1 ቮልት በላይ ዝቅ ያለ ሴል ካለ ለበረራ አትመኑት። ያበጠውን ጨርሶ አታብርሩት፣ አትብሱትም፤ እሳት ያስነሳል። ለቀናት የሚቀመጥ ባትሪ በየሴሉ 3.8 ቮልት አካባቢ ይሁን።

ይንቀጠቀጣል፤ ከፍታውም ይዋዥቃል

ፕሮፔለሮቹን አውልቁና ሞተሮቹን አንድ በአንድ አስነሱ። መንቀጥቀጡ ከጠፋ ችግሩ ፕሮፔለሩ ነው፤ ጫፉ ትንሽም ቢሸረፍ ይቀየር። ካልጠፋ የሞተሩ ዘንግ ጎብጧል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። አርዱፓይለት የተባለውን የድሮን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ለሚጠቀሙ በሎጉ ላይ ንዝረቱ በሴኮንድ ስኩዌር ከ30 ሜትር በታች መሆን አለበት።

ለካርታ የተነሱት ፎቶዎች ይደበዝዛሉ

በሴኮንድ 10 ሜትር እየበረሩ በ1/200 ሴኮንድ ማንሳት ማለት ፎቶው እስኪነሳ ካሜራው 5 ሴንቲሜትር ተጉዟል ማለት ነው። ወደ 1/1000 ስትቀይሩት 1 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ብርሃኑ ካነሰ አይኤስኦውን (የካሜራውን ለብርሃን ያለውን ስሜት) ጨምሩ፤ አለዚያ የበረራውን ፍጥነት ቀንሱ።