በኖርፎክ ሰሜናዊ ዳርቻ የባሕር ዳር ወፎችን እንዴት ማየትና መለየት ይቻላል

በምሥራቅ እንግሊዝ ከሀንስታንተን እስከ ክላይ የተዘረጋው የኖርፎክ ሰሜናዊ ዳርቻ ለጀማሪ ወፍ ተመልካች ምቹ ነው። ወፉ ብዙ ነው፤ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ የሚከልል ነገር የለም። ከለንደን ኪንግስ ክሮስ እስከ ኪንግስ ሊን በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ሀንስታንተን የሚያደርስ አውቶቡስ አለ። የሚያስቸግረው በብርዱ ወራት አብዛኞቹ የጭቃ ላይ ወፎች ግራጫ ወይም ቡናማ መሆናቸው ነው። በቀለም ብቻ ሊለያቸው የሚሞክር ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ቀለሙን ወደ መጨረሻ ትቶ ከባሕሩ ሰዓት፣ ከወፉ ቅርጽና ከአመጋገቡ መጀመር ያዋጣል።

የባሕሩን ሰዓት ማወቅ

ውሃው ሲሸሽ ዘ ዎሽ በሚባለው ሰፊ ባሕረ ሰላጤ ዳር ዓይን የማይጨርሰው ጭቃ ይገለጣል። ወፎቹ ትልና ትንንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳት እየለቀሙ በዚያ ላይ ይበተናሉ፤ በዚያ ርቀት ከነጥብ በቀር የሚታይ የለም። ውሃው ሲሞላ ግን ጭቃውን እየሸፈነ ወደ ዳር ይገፋቸዋል። ስለዚህ እግር እስኪቀጥን ወፍ ከማሳደድ ቦታ ይዞ ባሕሩ እስኪያመጣቸው መጠበቅ ይሻላል።

ከመሄድዎ በፊት የሀንስታንተንን የሙላት ሠንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉ። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ባለፈው ቅዳሜ የሠራው ሰዓት ለዛሬ አይሆንም። ቦታው ላይ ከሙላቱ ሁለት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ሠንጠረዡን ሲያነቡ ሁለት ነገር ያጣሩ። አንዳንዱ ሠንጠረዥ ዓመቱን ሙሉ በግሪንዊች ሰዓት ስለሚጻፍ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ አንድ ሰዓት መጨመር ያስፈልጋል። ሌላው፣ 07:10 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ነው፤ ከሰው ጋር በአማርኛ ሲቀጣጠሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ይነጋገሩ።

ትልቁን ትዕይንት ለሚፈልግ በዘ ዎሽ ዳር ያለው የወፎች መጠበቂያ፣ ስኔቲሻም፣ አለ። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ወይም አዲስ ከወጣች አንድ ሁለት ቀን በኋላ ባሕሩ ከወትሮው አብልጦ ይሞላል። በጣም ከፍ ባሉት ሙላቶች ጭቃው ጨርሶ ይዋጣል፤ ኖት የሚባሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ግራጫ ወፎች በአንድ ጊዜ ተነስተው እንደ ጭስ እየተጠማዘዙ ከዳርቻው ጀርባ ባሉት የድሮ ጠጠር ማውጫ ኩሬዎች ላይ ያርፋሉ። በመካከለኛ ሙላት ቀን የሄደ ሰው ይህን አያይም፤ የጭቃው ጫፍ ስለሚተርፍ ወፎቹ እዚያው ይቆያሉ። ስፍራውን የሚያስተዳድረው የወፎች ጥበቃ ማኅበር፣ አር ኤስ ፒ ቢ፣ ተስማሚ ቀኖቹን በድረ ገጹ ያወጣል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ መመልከቻው ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ በእግር ስለሚያስኬድ ይህንንም ያስቡበት። ስኔቲሻም ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባ ትሆናለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፊት ለፊት ትመታለች፣ ወፉም ሁሉ ጥቁር መስሎ ይታያል። በሀንስታንተንና በክላይ መካከል ያለው የቲችዌል የወፎች መጠበቂያና ክላይ ወደ ሰሜን ስለሚያዩ ከሰዓት ለመሄድ እነሱ ይሻላሉ።

መሣሪያውን ማስተካከል

ለጀማሪ 8 በ42 ባይኖኩላር ይበቃል። 8 የሚያጎላበት እጥፍ ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር። 10 በ42 የበለጠ ያቀርባል፤ ግን የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፣ በዚህ ዳርቻ ደግሞ ነፋስ አይጠፋም።

ብዙ ሰው ባይኖኩላሩን ሳያስተካክል ይጠቀምና ራሱን ያመዋል። አሠራሩ ይህ ነው። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ የዓይን ጎማዎቹን ወደ ውስጥ ያስገቡ፤ ካላደረጉ ወደ ውጭ ያውጧቸው። ሁለቱን ጎን እያጠጋጉ ወይም እያራራቁ የሚታየው አንድ ክብ እስኪሆን ያስተካክሉ። ከዚያ የቀኙን ሌንስ በእጅ ሸፍነው፣ በግራ ዓይን ብቻ ራቅ ያለ ሰሌዳ እያዩ፣ መሃል ያለውን ማዞሪያ ጽሑፉ ጥርት እስኪል ያዙሩ። አሁን ግራውን ሸፍነው፣ የመሃሉን ሳይነኩ፣ በቀኝ ዓይን በኩል ያለችውን ቀለበት ብቻ በማዞር ያንኑ ሰሌዳ ጥርት ያድርጉ። ከዚህ በኋላ ቀለበቷን አይንኳት፤ የመሃሉ ማዞሪያ ለሁሉም ርቀት ይበቃል። ወፉን ሲያዩ ዓይንዎን ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ፊትዎ ያንሱ፤ ጎንበስ ብሎ ባይኖኩላር የሚያነሳ ሰው ወፉን ያጣዋል።

ቴሌስኮፕ ካለዎት ከ20 እስከ 60 ከሚያጎላው ዓይነት በ20 ወይም በ30 ይፈልጉ፤ ወፉን ካገኙ በኋላ ያቅርቡ። ጭቃው በፀሐይ ሲሞቅ አየሩ ስለሚርገበገብ ከ40 በላይ ማጉላት ምስሉን ያደበዝዘዋል። በነፋስ ጊዜ የማቆሚያውን እግሮች አሳጥረው ቁጭ ብለው ይመልከቱ።

ወፉን መለየት

መጀመሪያ ሬድሻንክን ደህና አድርገው ይወቁ። 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እግሮቹ ብርቱካናማ ቀይ ናቸው፤ ሲበር የክንፉ የኋላ ጠርዝ ሰፊ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከሁሉም ቀድሞ እየጮኸ የሚነሳም እሱ ነው። በየቦታው ስለሚገኝ ለሌሎቹ መለኪያ ይሆናል፦ ያ ወፍ ከሬድሻንክ ይተልቃል ወይስ ያንሳል? ጥቁርና ነጭ ሆኖ ረጅም ብርቱካናማ ምንቃር ያለው ኦይስተርካቸር፣ ምንቃሩ ወደ ታች የቆለመመው ትልቁ ከርሉ፣ በአጭር ብርቱካናማ እግሩ ቆሞ ድንጋይና የባሕር ሣር የሚገለብጠው ተርንስቶን ብዙ አያስቸግሩም።

የሚያስቸግሩት ደንሊን፣ ሳንደርሊንግና ኖት ናቸው። ሦስቱም በብርዱ ወራት ግራጫ ናቸው፤ ሦስቱም በመንጋ ይሄዳሉ። አመጋገባቸውን ለአምስት ደቂቃ የተከታተለ ግን ይለያቸዋል። ሳንደርሊንግ አሸዋ ላይ ነው የሚውለው፤ ማዕበሉ ሲመለስ ተከትሎ ይሮጣል፣ ሲመጣ ቀድሞ ይሸሻል። ከሦስቱ በጣም ነጩ እሱ ነው፤ የኋላ ጣትም የለውም። ደንሊን ትንሹ ነው፣ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ ጭቃ ላይ ጎንበስ ብሎ ምንቃሩን ቶሎ ቶሎ ይወጋል፤ ምንቃሩም ጫፉ ላይ በትንሹ ወደ ታች ይጎብጣል። ኖት 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ደልደል ያለ ነው፤ ምንቃሩ ቀጥ ያለና አጭር፣ እግሩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። ወፎቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ጭቃውን እንደ ምንጣፍ ከሸፈኑት በአብዛኛው ኖት ናቸው።

ሮጥ ብሎ ቀጥ የሚል፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ምንቃሩ አጭር የሆነ ግራጫ ወፍ ካዩ ግሬይ ፕሎቨር ሳይሆን አይቀርም፤ ሲነሳ ከክንፉ ሥር ብብቱ ጥቁር መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለቱን ጎድዊቶች ቆመው ሳሉ መለየት ከባድ ነው፤ እስኪበሩ ይታገሡ። ብላክ ቴይልድ ጎድዊት ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ መስመር፣ ጭራው ላይ ጥቁር አለው፤ ባር ቴይልድ ጎድዊት ክንፉ ላይ መስመር የለውም።

ኦገስት ላይ በቲችዌል ጨው አልባ ኩሬዎች ራፍ የተባለውን ወፍ ይፈልጉ፦ ራሱ ትንሽ፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ወንዱ ከሴቷ በግልጽ የሚተልቅ። ይኸው ዝርያ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን፣ በዝዋይና በአቢጃታም ብርዱን ያሳልፋል፤ እዚያ የሚያውቀው ሰው እዚህም አይቸገርም።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ጭቃ የለበሰ ቀይ እግር ጥቁር ይመስላል፤ ወፉ ውሃ ውስጥ እስኪገባ ይጠብቁ። ብቻውን የቆመ ወፍ መጠኑ አይታወቅም፤ አጠገቡ ሌላ ወፍ ሲያርፍ ያነጻጽሩ። ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ላባቸውን ስለሚቀይሩ በአንድ መንጋ ውስጥ አንዱ ኖት ጡብ የመሰለ ቀይ፣ ሌላው ግራጫ ሊሆን ይችላል። ወጣት ከርሉ ምንቃሩ አጭር ስለሆነ ዊምብረል የተባለውን ዘመዱን ይመስላል፤ ዊምብረልን የሚለየው ራሱ ላይ ያለው ጥቁርና ፈዛዛ መስመር ነው። ሜርሊን የተባለው ነፃ የስልክ መተግበሪያ በድምፅ ይረዳል፤ ነፋስ ሲበረታ ግን ስለሚሳሳት ያለውን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ያዩትን መጽሐፍ ከመክፈትዎ በፊት ይጻፉ፤ ሥዕሉን ካዩ በኋላ ያላዩትን ያዩ ይመስልዎታል። እርሳስ ይያዙ፤ እስክሪብቶ በብርድና በዝናብ እምቢ ይላል።

ጥንቃቄ

ጭቃው ላይ በጭራሽ አይውጡ። ውሃው ከፊት ብቻ አይመጣም፤ በቦዮቹ ዞሮ ከኋላ መመለሻውን ይዘጋል። ሰው ከተያዘ 999 ደውለው ኮስትጋርድ (የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን) ይጠይቁ።

ወፎቹ መብላት አቁመው አንገታቸውን ቀጥ ካደረጉ ቀርበዋቸዋል ማለት ነው፤ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመለሱ። በብርዱ በከንቱ የተበረረ እያንዳንዱ በረራ ለሌሊቱ ያጠራቀሙትን ጉልበት ይበላል። ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ሪንግድ ፕሎቨርና ሊትል ተርን በጠጠሩ ላይ ይጥላሉ። እንቁላሉ ከጠጠሩ ስለማይለይ ሳያውቁ ሊረግጡት ይችላሉና በገመድ ወደታጠረው አይግቡ፤ ውሻም ካለ ይታሰር።