«ኔትወርክ የለም» ሲባል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ድሬዳዋ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ በብዛት የምሰማው ቃል «ኔትወርክ የለም» ነው። ከዚራ ካለው እንግዳ ማረፊያም፣ ሳቢያን ካለው ቢሮም የሚመጣው አቤቱታ ያው ነው። ችግሩ ግን ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ማንነታችሁ ሲጠየቅ አላለፋችሁም፣ ወይ አልፋችሁ አድራሻ አላገኛችሁም፣ ወይ አድራሻ ይዛችሁ መንገዱ ጠፍቶባችኋል።

የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ የራውተሩን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ አትጫኑ፣ እባካችሁ። የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድ አብሮ ይጠፋል። የተጻፈበት ወረቀት ከሌላችሁ ቀላሉ ሥራ ወደ ምልልስ ይቀየራል።

ፓስወርዱ ልክ ነው፣ ግን አያስገባም

እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ዩዘርኔም በሚገባበት ዋይፋይ (802.1ኤክስ ይባላል) መጀመሪያ የማየው የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ማንነት የሚያረጋግጠውን ሰርቨር የሚያምነው በሰርተፊኬት (በኤሌክትሮኒክ መታወቂያ) ነው። ሰርተፊኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ከዚያ አንዱ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይቶ 2018 ብሎ ይሞላል። ሰዓቱንም ጠዋት ነውና 3፡00 ያደርገዋል። ለኮምፒውተሩ ይህ ማለት ሰርተፊኬቱ ገና ያልወጣበት ዓመት፣ ያውም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ዓመቱ ተስተካክሎ ሰዓቱ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ቢቀርም ችግር አለ። የዊንዶውስ ዶሜይን (የቢሮ ኮምፒውተሮች በአንድ ሰርቨር የሚተዳደሩበት አሠራር) ማንነት የሚያረጋግጠው ከርቤሮስ በሚባል አሠራር ነው። ካልቀየራችሁት በቀር ከርቤሮስ የሚታገሰው የሰዓት ልዩነት 5 ደቂቃ ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት አያልፍም።

መፍትሄው ርካሽ ነው። 2032 የሚል ቁጥር ያለባትን ክብ ባትሪ ቀይሩ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ፣ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጉ፣ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ራሱ እንዲስተካከል ፍቀዱ።

ሰዓቱ ልክ ከሆነ የማረጋገጫ ሰርቨሩን፣ ማለትም የራዲየሱን መዝገብ ክፈቱ። እዚህ ጋ «አይሆንም» ማለትና ዝም ማለት ይለያያሉ። ሰርቨሩ እንቢ ካለ ጥያቄው ደርሶታል፤ ዩዘርኔሙን፣ ፓስወርዱን ወይም የተጠቃሚውን ፈቃድ ፈትሹ። ዝም ካለ ግን ተጠቃሚውን አታድክሙት። ራዲየስ ለማያውቀው መሣሪያ መልስ አይሰጥም። የአክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ) አይፒ፣ ማለትም የኔትወርክ አድራሻው፣ ሰርቨሩ ላይ ተመዝግቧል? የሁለቱ የጋራ ምስጢር ቃል አንድ ነው? ፖርቱስ (ጥያቄው የሚገባበት የበር ቁጥር)? ማረጋገጫው በ1812 ነው የሚሄደው። የድሮ መሣሪያ ግን በ1645 ሊልክ ይችላል።

የቤት መስመራችሁ በፒፒፒኦኢ (መስመሩ በዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚከፈትበት አሠራር) የሚገባ ከሆነና ዊንዶውስ ስህተት 691 ካለ፣ መስመሩ አለ፤ ያልተቀበለው መግቢያችሁን ነው። መብራት ከመጣ በኋላ ብቻ የሚከሰት ከሆነ የቀድሞው ግንኙነት በአገልግሎት ሰጪው በኩል ገና አልተዘጋ ይሆናል። ራውተሩን አጥፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ አብሩት።

ዋይፋዩ ተያይዟል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

የኮምፒውተሩን አይፒ እዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ አልመለሰለትም፤ ኮምፒውተሩ ለራሱ ነው ያወጣው። ራውተሩን ሪስታርት አድርጉ፣ ኬብሉን ፈትሹ፣ የአድራሻው ክምችት አልቆ እንደሆነም እዩ። ስልክ በበዛበት ቤት ክምችቱ ቶሎ ያልቃል።

ከዚህ የሚከፋው አንዱ ስልክ እየሠራ ሌላው እንቢ ሲል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዋይፋዩ ጓሮ ድረስ እንዲደርስ ብሎ ሁለተኛ ራውተር የሰካ ሰው አለ። ሁለቱም 192.168.1.1 ናቸው፣ ሁለቱም አድራሻ ያድላሉ። ከሁለተኛው የወሰደ ስልክ መውጫ የለውም። የሁለተኛውን ዲኤችሲፒ ዝጉ፣ አይፒውን 192.168.1.2 አድርጉ፣ ኬብሉን ከዋን (የኢንተርኔት መግቢያ) ፖርት ነቅላችሁ ላን (የውስጥ ኔትወርክ) ፖርት ላይ ሰኩት።

አድራሻው ልክ ከሆነ መጀመሪያ ጌትዌዩን (መውጫ የሆነውን ራውተር)፣ ቀጥሎ 8.8.8.8ን (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል ሰርቨር) ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም መልስ ይሰጡ እንደሆነ ሞክሩ። ሁለቱም መልሰው ድረገጽ ብቻ ካልከፈተ ዲኤንኤሱን (የድረገጽ ስም ወደ አይፒ የሚተረጉመውን) ቀይሩ። ጌትዌዩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው።

ድሬና ሐረር አይገናኙም

ሁለት ቢሮ ያላችሁ፣ ይህችን ልብ በሉ። ሁለቱን ቢሮ በኢንተርኔት የሚያገናኘው ቪፒኤን አረንጓዴ በርቶ ፋይል ግን አይከፈትም። የሁለቱንም ቢሮ አድራሻ እዩ። ሁለቱም ጋ 192.168.1.0 ከሆነ የድሬው ኮምፒውተር የሐረሩን ሰርቨር እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይፈልገዋል እንጂ ወደ ቪፒኤኑ አይልከውም። ድሬን 192.168.10.0፣ ሐረርን 192.168.20.0 አድርጓቸው።

ከዚያም መንገዱን በሁለቱም ራውተሮች ላይ ጻፉ። ብዙ ሰው የመሄጃውን ጽፎ የመመለሻውን ይተዋል። ጥያቄው ሐረር ይደርሳል፣ መልሱ ግን በኢንተርኔቱ መስመር ወጥቶ ይጠፋል። የሐረሩ ራውተር «192.168.10.0 በቪፒኤኑ በኩል ነው» የሚል ቋሚ መንገድ ይፈልጋል።

ስትሞክሩ መጀመሪያ ፒንግ የምታደርጉት የወዲያኛውን ራውተር ይሁን። የዊንዶውስ ፋየርዎል ከሌላ ኔትወርክ የመጣ ፒንግ ስለሚያግድ፣ መንገዱ ተስተካክሎም ኮምፒውተሩ ዝም ሊል ይችላል።